ደም ይዞ ሰላም የማይለው መርሻ

ልጆቹ ናቸው ጻፊው ያሉኝ። ባለፈው ሰሞን መርሻ ደሴ ላይ ማረፉን በስልክ ሰምቼ፣ ሳሎን ውስጥ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ሳለቅስ አገኙኝ። "ሾሾ፣ ማነው የሞተው? ዘመዳችን ነው?" አሉኝ። ናይሮቢ ተወልደው ስላደጉ አያት ማለት ለነሱ ሾሾ ነው።

"ዘመድ እንኳ አይደለም" አልኳቸው።

"ሶ ለምንድን ነው እንደዚህ የምታለቅሺው?" አለች ትልቋ።

አፌን ከፈትኩና ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። እሷም አይታኝ "እሺ፣ ቀስ ብለሽ ጻፊልን" ብላ ደብተር ከነእስክሪብቶው አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ይኼው ሦስተኛ ቀኔ ነው።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ልጄን ለወግ ለማዕረግ ካበቃሁ በኋላ ነው፤ ያውም ዳዊት ለመድገም ያህል። ስለዚህ ወሬዬ ወዲያና ወዲህ ቢል የሚያነብ ሰው ይታገሠኝ። ሳወራም እንደዚሁ ነኝ። ልጄ ሁልጊዜ "እማዬ፣ ወደ ነገሩ ግቢ" ትለኛለች።

ወደ ነገሩ ልግባ። መርሻ የላብራቶሪ ሰው ነበር። ሥራው ከሰው ክንድ ደም ቀድቶ በብልቃጥ ከተማ መሐል ወዳለው ላብራቶሪ መውሰድና ስኳሩን መለካት ነው። እኛ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ነበርን፤ እሱም ከኛ ሁለት መንገድ አልፎ አንድ ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖር ነበር። ስኳር ያለብን ሐበሾች በባዶ ሆዳችን ማታቱ በሚሉት የዚህ አገር ታክሲ ላይ እንዳንንገላታ ብሎ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ሳይገባ በየቤታችን እየዞረ ይቀዳልን ነበር። ማንም ያዘዘው አልነበረም። በራሱ የጀመረው ነው።

ረጅም ነው፤ ቀጭን፤ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ሁልጊዜ ባጭር በር የሚገባ ይመስል። ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው ይቆልፋል። በእጁ ሰማያዊ ሣጥን አለች፣ ልጆች ምሳ የሚይዙባት ዓይነት። ሰው ከመንካቱ በፊት ሁለት እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ያሞቃቸዋል። "ቀዝቃዛ እጅ ደም ሥር ያስደነግጣል" ይላል። ጣት ሲወጋ ደግሞ ጫፉን አይነካም፣ ጠርዙን ነው። "ጫፉ ለሥራ ያስፈልግዎታል፣ እትዬ" ይለኛል። አይዞዎት ሲል ግን ሰምቼው አላውቅም። "ያማል፣ ቶሎ ያልፋል" ብቻ ነው የሚል። እኔም ከአይዞሽ ባዮቹ ሁሉ እሱን አምን ነበር።

ሰዉ የሚቀየመው በሌላው ጠባዩ ነው። ደም ከያዘ ሰላም አይልም። መንገድ ላይ አግኝቼው "መርሻ፣ እንዴት አደርክ፣ ደህና ነህ ወይ፣ እህትህ ደህና ናት ወይ" ስል፣ ሣጥኗን ከፍ አድርጎ ያሳየኝና ሳይቆም ያልፈኛል። ቄስም ቢሆን፣ ሀዘንተኛም ቢሆን አይቆምም። "ይኼ ሰውዬ ሣጥኑን ሲይዝ ጋኔን አብሮ ይይዘዋል" ትል ነበር አለሚቱ፣ ኋላ የማነሣት ወዳጄ። ከሰዓት በኋላ ግን ሥራውን ጨርሶ ይመለስና፣ ጠዋት ሳይቆም ያለፋቸውን ሰዎች ቤት በየተራ ያንኳኳል። "የጠዋቱን ሰላምታ ይዤ መጥቻለሁ" ብሎ ከእናት ከአባት ጀምሮ አንድ ሳያስቀር ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ምክንያቱን ነግሮኛል። ሁላችንንም ነግሮናል፤ ይኼን አስምሬ ነው የምጽፈው፣ አልሰማሁም ማለት አልችልም። "ደም ከሰው ከወጣ በኋላም ሕያው ነው፣ እትዬ" አለኝ። "ብልቃጡ ውስጥ ሆኖ ስኳሩን ይበላል። በቆየ ቁጥር ስኳሩ ያንሳል። እኔ ዘግይቼ ከደረስኩ የምለካው የእርስዎን ስኳር ሳይሆን ደሙ በልቶ ያስተረፈውን ነው።" ግራጫ ክዳን ያለው ብልቃጥ ውስጡ መድኃኒት አለው፤ ደሙን ከመብላት ያግደዋል። ቀይ ክዳን ያለው ግን መድኃኒት የለውም። ቀይ የያዘ ለት መሮጥ ብቻ ነው።

የኔንም ስኳር ያገኘው እሱ ነው። ናይሮቢ የመጣነው እኔና ባለቤቴ ነን፤ ልጃችን ጊጊሪ ካሉት የውጭ መሥሪያ ቤቶች ባንዱ ተቀጥራ፣ ወልዳ፣ ልጅ የሚይዝላት አጥታ ነው የጠራችን። ስኳር የነበረበት ባለቤቴ ነው። አንድ ቅዳሜ መርሻ ለሱ ሊቀዳ መጥቶ፣ እኔ ቆሜ ሁለት ብርጭቆ ውኃ አከታትዬ ስጠጣ አየኝ።

"እትዬ፣ ከተነሡ ወዲህ ስንተኛዎ ነው?"

"ምኑ?"

"ውኃው።"

"አንተ ደግሞ! ውኃም ይቆጠራል እንዴ?"

"ክንድዎን ይስጡኝ" አለ።

ከሰዓት በኋላ ሰላምታውን ጨርሶ ስኳር እንዳለብኝ ነገረኝ። ስኳር ከበዛብኝ ስለምን ነው የምከሳው ብዬ ተሟገትኩት። በእውነትም ቀሚሴ ሁሉ ሰፍቶኝ ነበር።

"ማታቱ ይሳፈራሉ አይደል?" አለኝ።

"ስሳፈር ነው የምውለው።"

"ደምዎ ማታቱ ነው። የበሉት እህል ስኳር ሆኖ ይሳፈርበታል። በሩን ከፍቶ 'እዚህ ውረዱ' የሚለው ማን ነው?"

"ማካንጋው ነዋ፣ በሩ ላይ የሚንጠለጠለው።"

"አዎ፣ ረዳቱ። ሰውነት ውስጥ ያለው ማካንጋ ኢንሱሊን ይባላል። የእርስዎ ሰንፏል። ተሳፋሪው ሳይወርድ ቀኑን ሙሉ ይዞራል። መኪናው ተጨናንቋል፣ ቤት ውስጥ ግን የገባ ሰው የለም። ቤቱ ይራባል። የሚከሱት ለዚህ ነው።"

ሐኪም ከዚያ በኋላ ብዙ ነገረኝ፤ እንደዚህ የገባኝ ግን የለም። እስከ ዛሬ ክኒኔን ስውጥ "ተነሥ አንተ ሰነፍ፣ በሩን ክፈት" እላለሁ። ልጆቹ ይስቁብኛል።

አሁን አለሚቱን ላስተዋውቅ፣ ነገሩ ያለ እሷ አይሆንምና። አለሚቱ ኪሊማኒ ሰፈር ምግብ ቤት ነበራት። ድምፀ ትልቅ፣ ሳቀ ትልቅ፣ ያለ ሥራ መቀመጥ የማትችል ሴት። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፤ ያላት ሞምባሳ የሚነግድ አንድ ታናሽ ወንድም ነው። ስኳር ከያዛት ቆይቷል። ወጥ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሳይቀምስ አይሠራም። ቀኑን ሙሉ ማንኪያ ከአፏ አይወርድም። መርሻ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን እህል መንካት ትተዋለች። እኔም አንዳንዴ አደርገው ነበር፤ ቁጥሩ እንዲያምርልን።

አንድ ጊዜ የሷ ቁጥር ስድስት ምናምን ሆኖ ወጣ፤ በዚህ አገር አለካክ ደህና የሚባል ቁጥር ነው። ወረቀቱን ሲሰጣት "ይኼ የሐሙስና የዓርብ ረሃብሽ ነው" አላት። "ሦስት ወር ወደ ኋላ ሄዶ የሚናገር ሌላ ምርመራ አለ፤ እሱን አታታልይውም።"

"አንተ ደም መርማሪ ነህ ወይስ ፖሊስ?" አለችው።

"ለኔ ብለሽ ነው እንዴ የምትራቢው? እኔ ቁጥሩን ቤቴ ይዤው አልሄድም። አንቺ ጋ ነው የሚያድረው።"

እሷ ሳቀች። ሁለቱ ሲገናኙ እንዲህ ነበሩ፤ አንዳንዱ ሰው ሊጋቡ ነው ይል ነበር። ይሁን አይሁን አላውቅም። የማላውቀውን አልጽፍም።

ባለቤቴ ባረፈ በዓመቱ፣ የኛ ሚሊኒየም ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው መሰለኝ፣ የአለሚቱ ግራ እግር አውራ ጣቱ ላይ ቆሰለ። አዲስ ጫማ ነው የላጣት። ቁስሉ አልደርቅ አለ። ሐኪሟ አይቶ "በባዶ ሆድሽ ተለክተሽ ስኳሩ ከአሥር ካለፈ ክኒኑ ይቀርና መርፌ ትጀምሪያለሽ፤ ከአሥር በታች ከሆነ በክኒኑ እንቆያለን" አላት። አለሚቱ መርፌውን እንደ ሞት ነው የፈራችው። ሕመሙን ፈርታ አይደለም። "እትዬ፣ ማድቤቴ ውስጥ ሆዴን ገልጬ ስወጋ ያየ ሰው ከእጄ ይበላል?" አለችኝ። ምግብ ቤቱ ሕይወቷ ነው። እኔም አብሬያት ተሳልኩ፣ ከአሥር በታች አድርግላት ብዬ።

ደሙ የሚቀዳበት ቅዳሜ የባለቤቴ ሙት ዓመት የሚወጣበት ቀን ሆነ። አለሚቱ ሌሊቱን መጥታ ማድቤቴ ውስጥ ድስት ላይ ነበረች። እህል በአፏ አልዞረም። መርሻ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ደረሰ። እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ አሞቃቸው። እሷ የሽንኩርት ከረጢት ላይ ተቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበች።

"ቶሎ በል፣ ወጡ ሊያርርብኝ ነው።"

"ያማል፣ ቶሎ ያልፋል" አላት። ቀዳ። ብልቃጡን ሣጥኑ ውስጥ አኑሮ ወደ በሩ ሲያመራ እኔ በሩ ላይ ቆምኩበት።

"ወዴት ነው?"

"ወደ ሥራ፣ እትዬ። ግራጫ ክዳኑ ላብራቶሪው ውስጥ አልቋል። ዛሬ የያዝኩት ቀይ ነው፤ መሮጥ አለብኝ።"

"ዛሬማ አትሄድም። ደሙን ስትቀዳለት የኖርከው ሰው ሙት ዓመት ነው። እህሉን ሳትቀምስለት?"

"ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ፣ ያቀረቡልኝን ሁሉ እበላለሁ።"

"በሞቴ!"

"እትዬ፣ ደሙ እየበላ ነው እኮ።"

"ደሙ እየበላ አንተ ጦምህን ልትውል ነው? አፈር ስሆን!"

ማድቤት የነበሩት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። አለሚቱም ከድስቱ ላይ ቀና ብላ "እትዬ፣ ሣጥኑን ይቀሙት! ያለዚያ ይኼ ሰው አይቀመጥም" አለች። ቀማሁት። ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት፣ ትልልቁ ድስት ከሚፈላበት በላይ። ያን ጊዜ ጨዋታ ነበር። እንግዳ አስቀርቼ ማብላት ከልጅነቴ የማውቀው ደግነት ነው፤ ከሱ ሌላ የማውቀው ምን አለኝ?

ቄሱ ሳይባርኩ ደግሞ እህል አይነካም። ቄሱ እዚሁ ናይሮቢ፣ ሞምባሳ ሮድ በሚሉት መንገድ ላይ መኪና ተዘጋግቶባቸው ቀሩ። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ሦስት ሆነ። መርሻ ሳሎን ጥግ ላይ ጉልበቶቹን ገጥሞ ተቀምጦ የማድቤቱን በር ያያል። ሲነሣ እኔ አስቀምጠዋለሁ። ሁለተኛ ሲነሣ ሴቶቹ አስቀመጡት። ሦስተኛ ሲነሣ እኔ እያለቀስኩ ደረስኩ። ለሟቹ ነበር የማለቅሰው፤ እሱ ግን በሱ የተቀየምኩ መሰለው። አየኝና ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ቄሱ ገብተው፣ ባርከው፣ በልቶ ሲወጣ ስድስት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ከተማ ላብራቶሪው ሲደርስ ስምንት ሰዓት፣ ሊዘጉ ሲሉ።

ሰኞ ስልኬ ጮኸ። አለሚቱ ናት፣ ከሐኪሟ ደጃፍ።

"እትዬ! ዘጠኝ ነጥብ ስድስት! ከመርፌው አመለጥኩ! የባልዎ ተዝካር ነው የማረኝ!"

እልል አልኩ። ስልኩን ይዤ፣ ብቻዬን፣ መኝታ ቤቴ ውስጥ እልል አልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ምግብ ቤቷ ማድቤት ወለል ላይ ወድቃ ተገኘች። የምትናገረው አይያዝም ነበር አሉ፤ እግሯ ካልሲዋ ውስጥ ጠቁሯል። ሆስፒታል ወስደው ጣቷን ሲወጉ ማሽኑ ቁጥር መናገር አቃተው። እጅግ ከፍ ሲል ቁጥር መስጠቱን ይተውና ከፍተኛ ነው የሚል ጽሑፍ ብቻ ያወጣል፤ መርሻ ነው ኋላ የነገረን። በሁለተኛው ቀን ዐረፈች።

ለቅሶው ላይ ወሬ ተነሣ። ከሳምንታት በፊት ዘጠኝ የነበረ ሰው እንዴት እዚህ ደረሰ ተባለ። ወንድሟ ወረቀቱን ከሐኪሙ ተቀብሎ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። የእድሩ ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባለው አዳራሽ ስብሰባ ጠሩ። መርሻ መጣ፣ ያለ ሣጥኑ። ፊት ለፊት ወንበር ሰጡት፤ አልተቀመጠም።

"ደሙ ከጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ እስከ ቀን ስምንት ሰዓት መድኃኒት በሌለው ብልቃጥ ቆይቷል" አለ። "በዚያ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ደም ቶሎ ነው የሚበላው። መጣል ነበረብኝ። ሊዘጉ ሲሉ ስለደረስኩ ለካሁት፣ ቁጥር ወጣ። ስህተቱ የኔ ነው።"

"ለሐኪሙ ለምን አልደወልክም?" አለ ወንድሟ።

"መደወል ነበረብኝ።"

"እስከ ስምንት ሰዓት የት ነበርክ?" አሉት ሰብሳቢው፣ ደህና ሰው ናቸው፣ እያዘኑ ነው የሚጠይቁት።

"ደሙ በኔ እጅ ነበር።"

"የት ነበርክ ነው የምልህ፣ ልጄ።"

"የት ነበርኩ የሚለው ምን ይጨምራል፣ አባቴ? የያዝኩት እኔ ነኝ።"

"ጠጅ ቤት ነዋ!" ብሎ ወንድሟ ተነሣ። "እህቴን የገደልክ ሰካራም!" ሰዎች ያዙት። መርሻ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቆመ። አልጠጣሁም እንኳ አላለም።

ያን ዕለት ማድቤቴ ውስጥ ከአለሚቱ ሌላ አራት ሴቶች ነበርን። አራታችንም አዳራሹ ውስጥ ነበርን። አንዳችን አንዳችንን አላየንም። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጉልበቴን ጨብጬ ልነሣ ቃጣኝ። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ ልጆቹም ያንብቡት። አልተነሣሁም። ብናገር ተዝካሩ የሰው መሞቻ ሆነ ይባላል፣ የሟች ስም ይነሣል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ይኼም አንድ ምክንያት ነበር። ትልቁ ምክንያት ግን ፈራሁ።

ላብራቶሪው አሰናበተው። ቅዳሜ ቅዳሜ በየቤቱ መዞሩ ቀረ፤ ማን ያስገባዋል። አንድ ዓመት ከምናምን ግን እዚያው ሳውዝ ሲ ቆየ፣ የሰው ዕቃ ቤት እየጠበቀ። አሁን ሣጥን ስለሌለው ቆሞ ሰላም ይላል፤ የሚቆምለት ሰው ግን የለም። መንገድ ለመንገድ ከሩቅ ሳየው እኔ ራሴ ዞሬ የሄድኩባቸው ቀናት አሉ።

አንድ ቀን ማታቱ ስጠብቅ ከኋላዬ "እትዬ" አለኝ። መሸሻ አልነበረኝም። እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ቆመ፤ ከዚያ የግራ እጄን ያዘ። ሞቃት ነው እጁ።

"ስኳርዎ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው።"

ጣቶቼን አንድ በአንድ ገለባበጠና "ጫፉን እየወጉ ነው" አለኝ። "ማን አስተማረዎት? ጠርዙን ነው እንጂ፣ እትዬ። እንዲህ ከሆነ መርፌ ላይ ክር ማስገባት እንኳ ያቅትዎታል።"

"መርሻ" አልኩት። ከዚያ በላይ አልወጣልኝም።

"መኪናው መጣ፣ ይሳፈሩ" አለኝ። ክንዴን ደግፎ አወጣኝ። ለማካንጋውም በስዋሂሊ አንድ ነገር ነገረው፣ አረጋዊት ናቸው ቀስ ብለህ አውርዳቸው ማለቱ መሰለኝ፤ ሳውዝ ሲ ስንደርስ ልጁ እጄን ይዞ ነው ያወረደኝ።

ከዚያ በኋላ ደሴ እህቱ ጋ ገባ አሉ። ስልኩን አገኘሁ፤ ልጄ ሞባይሌ ላይ መዘገበችልኝ። ስንት ጊዜ ደወልኩ፣ አንዴ ጠርቶ ሁለቴ ሲጠራ እዘጋዋለሁ። እኔ የማስበው እንዲህ ነበር፦ አዳራሹ ውስጥ ዝም ያለው እኔ ራሴ ተነሥቼ እስክናገር እየጠበቀ ነው፤ አለመነሣቴን አይቶ ንቆኛል፤ ጣቴን ያየልኝም ስለ ነገሩ እንዳላወራው ነው። ይኼን ሁሉ ዓመት እንዲህ እያልኩ ኖርኩ። አንድ ቀን ብቻ "ሃሎ" የሚል ድምፁን ሰማሁ። ድምፁ አርጅቷል። "ማን ልበል?" አለ። ዘጋሁት።

እና ሞተ። እኔም ቤቴ ለቅሶ ተቀመጥኩለት፤ ልጄ ግራ ገብቷት ምንም ሳትጠይቅ ወንበር ተከራየች። የመጡት ሰባት ሰዎች ናቸው። ሰባተኛዋ አኪኚ ናት፤ አለሚቱ ምግብ ቤት ወጥ ቤት የነበረች፣ እዚያው አማርኛ የለመደች የዚህ አገር ሴት። እንደ አገሯ ወግ ለለቅሶ ቤት የሚሆን ሻይ ቅጠልና ስኳር ይዛ መጣች። "ፖሌ፣ ማማ፣ ፖሌ ሳና" ብላ፣ በስዋሂሊ እግዜር ያጥናሽ እያለች አቀፈችኝ። ሰዉ ከሄደ በኋላ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ማማ፣ አንድ ነገር አለ። አሁን ሁለቱም የሉም፣ ልናገር" አለችኝ።

"ተናገሪ።"

"ያ ቅዳሜ፣ የአንቺ ባል ተዝካር ቀን፣ ማታ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መርሻ ኪሊማኒ መጣ። ሣጥኑን ይዟል። እኔ ሰሃን እያጠብኩ ነው። 'አለሚቱ፣ ክንድሽን ስጪኝ፣ የጠዋቱ ደም ብዙ ቆየ፣ ቁጥሩን አላምነውም' አላት። እሷ ምን አለች? 'ነገ እቆርባለሁ፣ ዛሬ ደም አላፈስም፣ ሰኞ ና።' ለመናት፣ ማማ። እምቢ አለች። ሰኞ መጣ። 'ሐኪሙ ጨርሶልኛል፣ ዘጠኝ ነው፣ አትነካካብኝ' አለችው። ማክሰኞም መጣ። 'የለችም በይው' አለችኝ። የለችም አልኩት። ውስጥ ነበረች።"

"ታዲያ ስብሰባው ላይ ይኼን ለምን አልተናገረም?" አልኳት።

"ቅዳሜውኑ አስምላዋለች።"

"ምን ብላ?"

"'ደሙ የት ነው የቆየው?' አለችው። 'እትዬ አስካለ ቤት' አለ፣ አንቺ ቤት ማለቱ ነው። እሷ ሳቀች፤ 'ቀሙት ያልኩትም እኔ ነኝ' አለች። ከዚያ ሳቁን ተወች። 'መርሻ፣ ነገሩ ቢበላሽም ባይበላሽም እሷ ቤት ቆየ ብለህ ለማንም እንዳትናገር፣ ማልልኝ። ያቺ ሴት ባሏን ያጣችው ገና አምና ነው' አለችው። እሱ ሣጥኑን መሬት አስቀመጠ። ከዚያ ማለላት።"

አኪኚ ይኼን የነገረችኝ መርሻ በተቀበረ በዘጠነኛው ቀን ነው።